ሸራው ይወረሳል፤ መኪናውስ?

አዲስ አበባ፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሸራ ይነጠፋል። አቮካዶ፣ ካልሲ፣ የልጅ ነጠላ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር። «ደንብ መጣ!» የሚል ድምፅ ከወዲያ ማዶ ሲሰማ ሸራው በአራት ጫፉ ተጠቅልሎ ትከሻ ላይ ይወጣል። የፈጠነ ያመልጣል። ልጅ ያዘለችው፣ እግሯን የሚያማት፣ ለደንበኛ መልስ ስትቆጥር የነበረችው ትነጠቃለች። ዕቃዋ የደንብ አስከባሪዎቹ ፒክአፕ ላይ ይጫናል። «ወጣት ናት፣ ተመክራ ትለቀቅ» የሚል ሽማግሌ አይመጣም። «የማን ልጅ ናት?» ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ የማንም ልጅ እንዳልሆነች ሸራዋ ይናገራል።

ደግሞ ይመሻል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በዚያው በጦር ኃይሎች በኩል፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ዘነበ ወርቅ በሚወስደው ቀለበት መንገድ፣ ማርሚታቸው የተነቀለ መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው ያልፋሉ። የቤታችን መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃን ይነቃል፤ ውሻ ያላዝናል። ከአንደኛው መኪና መስኮት ግማሽ አካሉን ያወጣ ልጅ በስልኩ ይቀርጻል። ቪዲዮው ሳይነጋ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩም «አንበሳ!» የሚል ይዘንብለታል። በዚያ ሰዓት ፒክአፑ የለም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። የአንዲት ሴት አቮካዶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በአምስት ደቂቃ መውረስ የሚችል ከተማ፣ በሰው ነፍስ የሚቆምርን ሰው መኪና መያዝ እንዴት ያቅተዋል? የአቅም ነገር እንዳይነሳብኝ፤ አቅሙን አይተነዋል። ያለ ቦታው የቆመ መኪና ታርጋ በጠራራ ፀሐይ በመፍቻ ሲፈታ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በ2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ስንቱ ጎዳና እሁድ ጠዋት ለመኪና ተዘግቶ ሕፃናት ኳስ ሲራገጡበት አይተናል። በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ላይ ካሜራ ተተክሏል። ይህ ከተማ የፈለገውን ነገር ያደርጋል። «በጥናት ላይ ነው» የሚለን ያልፈለገውን ነው።

ምክንያቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አቮካዶ ስልክ የሚደውልላት ዘመድ የላትም። መኪናው አለው። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ከጸደቀ ወዲህ ያገለገለች ቪትዝ እንኳ ከሚሊዮን ብር በላይ የሚጠራባት ገበያ ውስጥ ነው ያለነው። በዚህ ገበያ ጎማ ለማቃጠል መኪና የሚያወጣ ልጅ በራሱ ደመወዝ የገዛውን አይደለም የሚነዳው። አባት አለው። አባቱ ደግሞ ስልክ ቁጥር አለው። አንዱ ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ ገና ሳይገልጠው ስልኩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

ስለ ሌሊቱ የመኪና ውድድር ስናወራ መጀመሪያ የሚመጣልን መከራከሪያ «ሌሊት ማን አለና?» የሚለው ነው። እኔ የጦር ኃይሎች ሰው ነኝ፤ ማን እንዳለ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጠራጊዎቹ አሉ። አዲስ አበባ ጠዋት ጠርታ የምትታየው ሌሊቱን በመጥረጊያ አስፋልት የሚወለውሉ ሴቶች ስላሉ ነው። ጎንበስ ብለው፣ ጀርባቸውን ለመኪና ሰጥተው ነው የሚሠሩት። የለበሱት አንጸባራቂ ሰደርያ ፍጥነቱን ለያዘ ሹፌር ይጠቅማል፤ ለሚወዳደር ግን ምንም አይደለም። ሁለተኛ፣ ጸሎተኛው አለ። ኮልፌ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሰፈር ነው፤ ለሱብሂ ሶላት የሚወጣ አባት፣ በፍልሰታ ጾም ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ኪዳን የምትገሰግስ እናት ጎዳናውን የሚሻገሩት ገና ሳይነጋ ነው። ሦስተኛ፣ መርካቶ ከመንጋቱ በፊት ዕቃ ለማውረድ ከአየር ጤና በእግሩ የሚመጣ ተሸካሚ አለ፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለሌለ እንጂ መራመድ ስለወደደ አይደለም። ደግሞ አስታማሚ አለ። የጦር ኃይሎች ሆስፒታል እዚሁ ነው፣ አለርት ከዚያ ወረድ ብሎ ነው። የሐኪም ማዘዣ በእጁ ይዞ በሌሊት ክፍት መድኃኒት ቤት የሚፈልግ ሰው ግራና ቀኝ አይቶ የሚሻገርበት ልብ የለውም። ፈረቃ የጨረሰ ዘበኛ፣ ነርስ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ፌስታሉን አንጥፎ መንገድ ዳር የተኛ የእኔ ቢጤ። ሌሊት «ማንም የለም» የሚባለው እነዚህ ሰዎች እንደ ማንም ስለማይቆጠሩ ነው።

ቀለበት መንገዱ በ1990ዎቹ በቻይና ተቋራጭ ሲሠራ ከተማውን በዳር ዞሮ የሚያሳልፍ ፈጣን መንገድ ይሁን ተብሎ ነበር። ከተማው ግን ዳር አልቆየም፤ መንገዱን አልፎት ሄደ። ዛሬ ቀለበቱ ሰፈርን ከሰፈር፣ ተማሪን ከትምህርት ቤቱ፣ ምዕመንን ከደብሩ የሚቆርጥ መሃል ከተማ ነው። በ2008 ከአያት ተነስቶ እኛ ዘንድ የሚያልቀው ባቡር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጦር ኃይሎች የባሰውን የሰው መተላለፊያ ሆነ፤ ከባቡር የሚወርደው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚደርሰው አንድ መንገድ ተሻግሮ ነው። የመሻገሪያ ድልድዩ ሩቅ ሲሆን ሰው በአካፋዩ ግንብ ላይ ይዘላል። ልክ አይደለም፤ ግን ሞት አይፈረድበትም።

ቁጥሩንም እንየው፤ ሒሳቡ ከእኔ ቁጣ የበለጠ ያስፈራል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ሰው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ፍሬን ከረገጠ በኋላ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ እንኳ ሌላ 80 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። አንድ ላይ ሲደመር ከኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ያው መኪና በ60 ቢሄድ ከ40 ሜትር ባነሰ ይቆም ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ የትራፊክ ፖሊስ ምክር ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ነው፤ አባት ቢደውልለትም አይሰማም። ክረምት ሲገባና አስፋልቱ ላይ ውሃ ሲተኛ ርቀቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ለሹፌሮቻችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

በ2010 አካባቢ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው በመኪና ሞቷል፤ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል እግረኞች ነበሩ። ሌላው ዓለም የመኪና አደጋ ሲል ብዙ ጊዜ መኪና ውስጥ ስለተቀመጠ ሰው ያወራል። እኛ ጋ የሚሞተው መኪና የሌለው ሰው ነው። የፍጥነት ውድድር እኛ ጋ ሁለት ወጣቶች በራሳቸው ሕይወት የሚጫወቱት ጨዋታ አይደለም፤ የሚጫወቱት በሌላ ሰው ሕይወት ነው።

አዲስ ጣጣም መጥቷል። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ለአየሩ መልካም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ገና ስትረግጠው ያለ የሌለ ጉልበቱን ነው የሚሰጠው፤ ማርሽ የለው፣ ጩኸት የለው። የተነቀለው ማርሚታ እንቅልፍ ቢነሳንም ቢያንስ ለጠራጊዋ «ሽሺ» ይላት ነበር። አሁን የሚመጣው ሳይናገር ነው።

ሕግ የለም የሚል ካለ ሕጉን አላነበበም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ይናገራል። ተራው ቸልተኛ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት። ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ የጣሰ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት። ለፍጥነት ተወዳዳሪ ቢያንስ ይኼኛው ነው የሚገባው። እኔ ግን ከዚህም አልፌ እጠይቃለሁ፦ የመኪና ውድድር በየትኛው ሒሳብ ነው ቸልተኝነት የሚሆነው?

ቸልተኛ ማለት ስልኩን ሲያይ ዘብራውን ያላየ ሹፌር ነው። ቸልተኛ ማለት ፍሬኑን ሳያስፈትሽ የወጣ ነው። ተወዳዳሪው ግን ሰዓት መርጧል። መንገድ መርጧል። ጓደኛውን ማዞሪያው ላይ ትራፊክ እንዲጠብቅ አቁሟል። ታርጋውን በጨርቅ ሸፍኗል። በቸልተኝነት ታርጋ የሚሸፍን ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 58 ድርጊቱ ሕገ ወጥ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የገባበት ሰው ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጠራል ይላል። በሌሊት፣ ሰው በሚሻገርበት ቀለበት መንገድ፣ በ120 ከጓደኛው ጋር የሚሽቀዳደም ልጅ «የመጣው ይምጣ» ካላለ ምን ብሏል?

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2016 ሌሊት በርሊን ውስጥ፣ ኩርፉርስተንዳም በሚባለው ትልቅ ጎዳና ሁለት ወጣቶች ቀይ መብራት እየጣሱ ተሽቀዳደሙ። አረንጓዴ በርቶለት ሲያልፍ የነበረን የ69 ዓመት ሰው ከነመኪናው መቱት፤ እዚያው ሞተ። ዐቃቤ ሕግ በቸልተኝነት ሳይሆን በነፍስ ግድያ ከሰሳቸው። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም በ2017 ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው። ክርክሩ ግን ቀላል አልነበረም፤ የበላይ ፍርድ ቤት በ2018 ውሳኔውን ሽሮ መለሰው፣ በ2019 እንደገና ተፈረደ፣ በመጨረሻም በ2020 በመኪናው ሰውየውን የመታው ሹፌር ላይ የነፍስ ግድያ ፍርዱ ጸና። የሁለተኛው ሹፌር ፍርድ ተሽሮ በድጋሚ ታየና በግድያ ሙከራ 13 ዓመት ተፈረደበት። ጀርመኖች ፍርድ ቤቱን እስከ መጨረሻው አልጠበቁም፤ በ2017 መወዳደሩን ራሱን፣ ሰው ባይሞትም፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አደረጉት፤ ሰው ከሞተ እስከ አሥር። መኪናውም እንዲወረስ ፈቀዱ።

ሰው ባይሞትም! ነጥቡ እሱ ነው። የእኛ ሥርዓት ሬሳ እስኪወድቅ ይጠብቃል። ሬሳ ካልወደቀ ነገሩ የፍጥነት ጥሰት ይሆናል፤ የፍጥነት ጥሰት ደግሞ የቅጣት ወረቀት ነው፤ የቅጣት ወረቀቱን የሚከፍለው አባት ነው። ለአባትየው ቅጣቱ የነዳጅ ወጪ ላይ የተጨመረች ጥቂት ብር ናት። ሬሳ ሲወድቅስ? አዋጅ ቁጥር 799/2005 ስለ ሦስተኛ ወገን መድን ሲወጣ ለሞተ ሰው የሚከፈለው ካሣ ከ40 ሺህ ብር እንዳይበልጥ፣ ለተጎዳ ንብረት ግን እስከ 100 ሺህ ብር እንዲደርስ ነበር የደነገገው። ያንን አዋጅ ሳነብ ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። መኪናው ጠራጊዋን ገጭቶ ከዚያ አጥር ቢያፈርስ ከልጆቿ ይልቅ የአጥሩ ባለቤት የበለጠ ሊያገኝ ይችል ነበር ማለት ነው።

እስኪ ባለሥልጣኖቻችን እስከ ዛሬ ምን እንዳደረጉ እንመልከት። አንደኛው መድኃኒታቸው ብሬከር ነው። ፍጥነት አስቸገረ? ጉብታ ይሠራ። በሰፈር ውስጥ፣ በትምህርት ቤት በር፣ እሺ፤ እኔም እደግፋለሁ። ፈጣን መንገድ ላይ ግን ብሬከር የሚቀጣው ተወዳዳሪውን ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ይቀጣል። ወገቡ የተሰበረ ሰው ጭኖ ወደ አቤት ሆስፒታል የሚሄድ አምቡላንስን ይቀጣል። ተወዳዳሪው ደግሞ ብሬከር ወደሌለበት ይሄዳል፤ ከተማው ውስጥ ገና አዲስ የተነጠፈ ሰፊ አስፋልት አልጠፋበትም።

ሁለተኛው መድኃኒት የጅምላ ክልከላ ነው። በ2011 ክረምት ሲገባ በሞተር ሳይክል የሚሰርቁ ሰዎች በዙ ተብሎ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር መንዳት ባንዴ ተከለከለ። የነጠቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ እንጀራውን ያጣው መልእክት የሚያደርሰው፣ ምግብ የሚያመላልሰው፣ ሠርቶ የሚያድረው ሁሉ ነው። ያን ዓይነት መድኃኒት ለዚህም እንዳይታዘዝ እፈራለሁ። ነገ ተነስተው «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ የቤት መኪና አይንቀሳቀስ» ቢሉን እኮ አይገርመኝም። ተወዳዳሪውን መያዝ ያቃተው ሰው ሁላችንንም መያዝ ይቀለዋል።

ሦስተኛው ዘመቻ ነው። ዘመቻ ሲኖር ባነር ይሰቀላል፣ ራዳር ይወጣል፣ ቴሌቪዥን ይጠራል፣ የተያዙት ይደረደራሉ። ወሩ ሲያልቅ ባነሩ ይቀራል።

አንድ ሌሊት እኔ ራሴ ለሚመለከተው ክፍል ደውዬ ነበር። ያነሳው ሰው ጨዋ ነው፤ ስሜን ጠየቀኝ፣ ሰፈሬን ጠየቀኝ። ከዚያ «ታርጋውን ይዘዋል ወይ?» አለኝ። በጨርቅ የተሸፈነ ታርጋ በዚያ ፍጥነት የሚያነብ ዓይን ቢኖረኝ እኔ አየር ኃይል ነበር የምቀጠረው። «ታርጋ ከሌለማ ምን እናደርጋለን» ብሎ ዘጋው። እኔ ግን የነገርኩት መንገዱንና ሰዓቱን ነው። ለፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? ሌባው በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ተነግሮት «መታወቂያ ቁጥሩን አምጣ» የሚል ዘበኛ አለ?

የምጠይቀው ይህን ነው።

መኪናው ይያዝ። በተያዘበት ሌሊት፣ በቦታው፣ በደረሰኝ። ደረሰኝ የምለው አውቄ ነው፤ ከሸራዋ ባለቤት ላይ ያለ ደረሰኝና ያለ ዳኛ መንጠቁን ልክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ልክ አይደለም፣ ነውርም ነው። መንግሥት ንብረት ሲይዝ ወረቀት ይስጥ፣ በቀናት ውስጥም ዳኛ ፊት ያቅርብ። የወንጀል ሕጋችን ለወንጀል መሥሪያ የዋለንና ለሕዝብ ደህንነት የሚያሰጋን ዕቃ ፍርድ ቤት እንዲያዝ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። የሌላውን ሰው ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥንም ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ዐቃቤ ሕግ እነዚህን አንቀጾች አውጥቶ ሬሳ ሳይጠብቅ ይክሰስ። በድጋሚ የተያዘ መኪና ይወረስ፣ በጨረታ ይሸጥ፣ ገንዘቡም በመንገድ ላይ ለተጎዱ ሰዎች ሕክምና ይዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ በመንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙ ልጆች አስቸግረው ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2009 መኪናቸው እንዲጨፈለቅ እስከ መፍቀድ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያዋን መኪና ሚኒስትሯ ራሳቸው ቁልፍ ተጭነው አስጨፈለቁ። ትርኢቱ አምሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተጨፈለቀው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ መጨፍለቁን አልፈልገውም። በድሃ አገር ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ብረት አይጨፈለቅም፤ ይሸጣል።

«መኪናው የአባቱ ነው፣ አባትየው ምን አጠፋ?» ይባላል። ቁልፉን ሰጠ። መጀመሪያ ሲያዝ «አላወቅኩም» ይበል፤ እንመነው፣ ፈርሞ ይውሰድ። ከፈረመ በኋላ ግን አውቋል። ያኔ መኪናውን ያጣ። ከተማው ውስጥ ከእስር ይልቅ የሚፈራ ነገር ቢኖር መኪናን ማጣት ነው፤ ልጁን አሥር ጊዜ ይቅር ያለ አባት መኪናውን አንድ ጊዜ ሲያጣ ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው።

ፖሊስ ደግሞ አያሳድድ። የሚሸሽ ተወዳዳሪን በከተማ ውስጥ ማሳደድ የውድድሩን ሦስተኛ መኪና መጨመር ነው፤ ጠራጊዋን የሚገጫት የፖሊስ ፒክአፕ ቢሆን ልጆቿ ምን ይጠቀማሉ? ቀለበት መንገድ መሃሉ ግንብ፣ መውጫው የታወቀ ነው። ላይና ታች ተቁሞ ይጠበቅ። ያመለጠውም በቪዲዮው ጠዋት ከቤቱ ይወሰድ፤ ማስረጃውን ራሱ ለጥፎልናል። ስልክ ሲደወል ደግሞ የደወለው ሰው ስምና ሰዓት መዝገብ ላይ ይጻፍ። ያ መዝገብ አንድ ወር በሥርዓቱ ቢጻፍ ደዋዩ ራሱ ይቀንሳል።

ስለ ሚኒባስ ሹፌሮች ምነው ዝም አልክ የሚለኝ ይኖራል። ዝም አላልኩም። ከጦር ኃይሎች እስከ መርካቶ ተሳፋሪ ለመቅደም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሽቀዳደሙ፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት እንደሚያስቆርጣቸው ነጋ ጠባ የማየው ነው። ግን የእነሱ ዕዳ ሌላ ነው። ሚኒባሱን የሚነዳው ሰው ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገባው ቁርጥ ያለ ገቢ አለበት፤ ገቢው ሳይሞላ ማታ ወደ ቤቱ አይገባም። ይህን ሰው የሚያረጋጋው የአሠራር ለውጥ ነው፦ የወር ደመወዝ፣ የተመደበ ሰዓት፣ ባለቤቱንም የሚነካ ቅጣት። የሌሊቱ ልጅ ግን ማንም ገቢ አልጠየቀውም። ጠግቦ ነው። ሁለቱን በአንድ ወንፊት መንፋት የማይገባው ለዚህ ነው፤ ሚኒባሱን ስንቀጣ የከረምነው ግን ለመያዝ ስለሚቀል ብቻ ነው።

«ወጣቶች ናቸው፣ ደማቸው ይሞቃል፣ ሜዳ ስጧቸው» የሚለውን መከራከሪያም በቅን ልብ የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ደም መሞቁ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችንም ጉግስ ይጫወቱ ነበር። ጉግስ ግን ሜዳ ነበረው፣ ጋሻ ነበረው፣ ተጋጣሚው ፈቅዶ የገባ ነበር፣ በጃንሜዳ ይጫወቱታል እንጂ ከቅዳሴ በምትመለስ አሮጊት መሃል ፈረስ አይለቁም ነበር። ገንዘብ ያላቸው ወላጆች ተዋጥተው፣ ከከተማው ውጭ ቦታ ተከራይተው፣ አምቡላንስና የራስ ቁር አዘጋጅተው ልጆቻቸውን ያወዳድሩ፤ እኔም ሄጄ አጨበጭባለሁ። ነገር ግን ሜዳ እስኪሠራ ድረስ አስፋልታችን ላይ ሞት ይፈቀድ የሚል ክርክር አልቀበልም። ኳስ ሜዳ የሌለው ሰፈር ልጆች ኳሱን ሰው መስኮት ላይ ሲመቱ ማን ዝም ይላቸዋል? እኛ ሰፈር የኳስ ሜዳ ያጡት ልጆች ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ሰው ገድለው ሜዳ አልጠየቁም።

የከተማ አስተዳደሩ፣ የፖሊስ ኮሚሽኑ፣ የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣኑ ለዚህ ሥራ አዲስ አዋጅ፣ አዲስ ጽሕፈት ቤት፣ የልምድ ልውውጥ ጉዞ አያስፈልጋቸውም። አንድ መኪና አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ አንድ ዘነበ ወርቅ፣ አንድ ጦር ኃይሎች ላይ ይቁም። በየወሩም የተያዘው መኪና ብዛት፣ የተከሰሰው፣ የተፈረደበት፣ ያለ ክስ የተለቀቀውና ይለቀቅ ብሎ የፈረመው ኃላፊ ስም ይገለጽልን። ከመጪው ዓርብ ሌሊት ጀምሩ።